ታይቷል ወይስ ተሰምቷል

የእትዬ ሐሊማን ሞት የነገሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። ጋሽ በቀለ አዋሽ ከእናቴ ጋር ተከራይተን የኖርንበት ግቢ ባለቤት፣ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሰመራ ውስጥ የአክስቴን ሱቅ እየከፈትኩ ሳለ ደወሉልኝ። «ሰዓዳ ልጄ፣ ሐሊማ አረፈች» አሉኝ። ማልቀስ ወይም «ኢና ሊላሂ» ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር።

«አይተዋል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው? በሞት ይቀለዳል እንዴ?»

ቀልድ እንዳልሆነ ነገርኳቸው፤ በዓይናቸው አይተው እንደሆነ ወይስ ሰምተው እንደሆነ ብቻ ነው የምጠይቀው አልኩ። ቅር እያላቸው ከእናቴ መስማታቸውን ነገሩኝ። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። ስታለቅስ ቆይታ ድምፅዋ ሻክሯል። እትዬ ሐሊማ ንጋት ላይ ትንፋሽ አጥሯት እንደሞተች፣ ገላዋን ካጠቡት ሦስት ሴቶች አንዷ እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። «በዚህ በእጄ ነው ያጠብኳት» አለች። ያን ጊዜ አመንኩ። ያን ጊዜ ግማሹ የተከፈተው የሱቅ በር ሥር ተቀመጥኩ።

ጋሽ በቀለ ተቀይመውኝ ይሆናል። እንዲህ ብዬ እንድጠይቅ ያስተማረችኝ ግን ራሷ ሟቿ ናት።

እትዬ ሐሊማ የአሳይታ ሰው ናት። ረጅምና ቀጭን፣ ስትራመድ አቧራ የማታስነሳ ሴት ነበረች። በዕድሜ አያቴ ብትሆንም «እርስዎ» ማለት ከለከለችኝ። «እርስዎ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» ትል ነበር። ሞባይል ሳይመጣ በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበረች። ወንዙ ሲሞላ፣ ከብት ሲታመም፣ ከአፋምቦ እስከ ገዋኔ ያለው ሰው የሚሰማው ከእሷ አፍ ነበር። ስልክ ሲመጣ ሬዲዮው ተነቅሎ መጋዘን ገባ፤ እሷም ጡረታ ወጣች። ልማዱ ግን አልለቀቃትም። ፈቃድ አውጥታ የራሷን ሬዲዮ ገዛች፤ ለደመወዝ ሳይሆን ወደውት በሬዲዮ ከሚገናኙት ሰዎች፣ አማተር ከሚባሉት፣ አንዷ ሆነች። አዋሽ የመጣችው ልጇ እዚያ ስላገባች ነው። ልጇና ባሏ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ሲሄዱ አንቴናዬን ነቅዬ አልሄድም ብላ ቀረች።

ጎረቤቷ በሆንኩ ጊዜ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነበር። አባቴ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ እናቴ አስፋልቱ ዳር በከፈተችው ቁርስ ቤት ለሹፌሮች ፉልና ሻይ አቀርብ ነበር። ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይስቁብኛል። አንዱማ «ይቺ ልጅ ራሷ የመሬት መንቀጥቀጥ ናት» ብሎ ቤቱን ሁሉ አስቆብኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ የሚያፏጭ፣ የሚያቃስት ነገር ሰማሁ። ከዚያ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል የወንድ ድምፅ ተከተለ። እትዬ ሐሊማ ብቻዋን እንደምትኖር አውቃለሁ። እናቴ ጂን ነው የምታነጋግረው ብላ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቀራች፤ በዚያ በኩል እንዳላልፍም አስጠነቀቀችኝ። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን በሯ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ ወይም ሂጂ» አለችኝ ዞር ሳትል። «በር ላይ የሚቆም ሰው ነፋስ ይከለክላል።»

ገባሁ። ጂኑ የሰመራ ሰው ሆኖ ተገኘ። መምህር ያሲን ይባላል፤ እሱም ባለፈቃድ ነው፤ ሬዲዮ ያስተማረችውም እሷ ናት። ሰመራ ውስጥ ትንሽ የሬዲዮ ክበብ አለው። በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይገናኛሉ፤ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላም ይጠራታል።

ለብዙ ሳምንታት መስማት ብቻ ነው ያስተማረችኝ። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጎን እሷ፣ ሌላውን እኔ እንይዛለን። ጫጫታው ውስጥ የሰው ድምፅ መጀመሪያ የዳክዬ ይመስላል፤ መዘውሩን በቀስታ ስታዞሪው ዳክዬው ሰው ይሆናል። ያን መዘውር ማዞር ወደድኩ። ሰውን እሰማዋለሁ፣ ግን አያየኝም። እንደ እኔ ላለች ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

«ሬዲዮ የአፍ ዕቃ አይደለም» ትለኝ ነበር። «ለመናገር የማይኩን ቁልፍ ስትጫኚ ደንቆሮ ነሽ። ጣትሽን ስታነሺ ነው ሌላ ሰው የሚኖረው።»

ሬዲዮውን ያስቀመጠችው መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ዳር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታወራ አይቻት አላውቅም። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙ ጠርተው ይናገራሉ። የጨመረ ወይም የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብሎ የሚሰማው አያገኝም። እሷም ሬዲዮውን የምትይዘው በዚሁ ሕግ ነበር፤ ያስተማረቻቸው ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ማንኛውም ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። ታይቷል ወይስ ተሰምቷል?

«ታይቷል» ከተባለ ጥያቄው ያልቃል። «ተሰምቷል» ከተባለ ይጀምራል። ከማን? መቼ? የነገረሽ ሰው ራሱ አይቷል? የት ቆሞ?

ማይኩን መጀመሪያ የሰጠችኝ የገበያውን ወሬ እንድናገር ነበር። «በግ ተወዷል፤ ተሰምቷል» አልኩ። መምህር ያሲን ጥያቄውን ጀመረ። ከማን ሰማሽ? እኔ ቁልፉን ተጭኜ ዝም አልኩ። እትዬ ሐሊማ ማይኩን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። «ልጅቷ ለዛሬ ትንፋሿን ልካልሃለች፤ ቃሉን ነገ ትጨምርበታለች» አለችው። ሰመራ ሲስቅ አዋሽ ተሰማ። እኔ ግን ያን ቀን የያዘኝን ፍርሃት ይዤው ቀረሁ። «ተሰምቷል» የምትለዋን ቃል ፈራኋት።

ከግቢያችን ግራር እስከ ውኃ ታንከሩ የተዘረጋው የአንቴና ሽቦ ለሰፈሩ ሰው አልተዋጠለትም ነበር። አንድ ቀን የቀበሌ ሚሊሻ መሣሪያውን አንግቶ መጣ። እኔ ከበሩ ኋላ ተሸሸግሁ። ከማን ጋር ነው የምታወሪው አላት። ከሰመራ ጋር አለችው። ስልክ እያለ ለምን ሲላት ፈቃዷን ከፕላስቲክ አውጥታ ሰጠችውና «ስልክ የጠፋ ቀን ትመጣለህ፤ ያን ጊዜ ሻይ ይዘህ ና» አለችው። ፈቃዱን አገላብጦ አየ፤ ፈገግ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች።

መጀመሪያ ከባድ መኪና የሚያልፍ መሰለን። መኪናው ግን አያልፍም፤ ከእግራችን ሥር ቆሞ ያጉረመርማል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ሆነ። የቁርስ ቤታችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሰው ፍራሹን ወደ ሜዳ አወጣ። ከከተማው ማዶ ያለው ተራራ ሊፈነዳ ነው የሚለው ወሬ በየሰዓቱ መልኩን እየለወጠ ይመጣል። እኔ መብላት አቃተኝ። መሬቱ ጸጥ ባለ ጊዜ እንኳ እግሬ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። ሳህን ሲነካካ እጮኻለሁ። ቀጥሎ ስልክ ተቋረጠ፤ ሚሊሻው መጣ። ሻይ አልያዘም። ገዋኔ ያለች እናቱን ወሬ ሊጠይቅ ነበር። እትዬ ሐሊማ ምንም አላስታወሰችውም፤ የእናቱን ስም ብቻ ጠየቀችው።

ሬዲዮውንና ባትሪውን ወደ ግራሩ ሥር አወጣናቸው። እናቴም ሸራ ወጥራ ሻይዋን አጠገባችን ማፍላት ጀመረች። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል። እትዬ ሐሊማ ትናገራለች፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ።

አንድ ጠዋት እትዬ ሐሊማ ከተራራው ሥር ፍየሎቻቸውን ይዘው የሸሹ ዘመዶቿ ያሉበትን ሁኔታ አይቼ ልምጣ ብላ ተነሳች። «ስሚ፣ ጻፊ» አለችኝ። «ማይኩን አትንኪ፤ ፈቃዱ የእኔ ነው። የሰው ነፍስ ካልሆነ በቀር።» ሬዲዮውን ሳታጠፋ ሄደች።

አራት ሰዓት ሳይሞላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሸራው ሥር መጥቶ ቆሞ ሻይ ጠጣ። የገዋኔ መንገድ አልቆለታል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ድልድይ ተሰብሯል እያለ ለእናቴ አወራ። ወዲያው ምድር ተናወጠች፤ ሰው ጮኸ፤ ሹፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ መኪናው ሮጠ። አቧራው ሳይረጋ መምህር ያሲን ጠራ።

ገዋኔ ካለው ሌላ ሬዲዮ መልእክት መጥቶለት ነበር። ምጥ ላይ ሁለት ቀን የቆየች ሴት መኪና ላይ ተጭናለች፤ ወደ አዋሽ ሊያመጧት ነው፤ መንገዱ ተቆርጧል ሲባል ሰምተው ቆመዋል። መንገዱ ካለ ወደዚህ፣ ከሌለ ረጅሙን መንገድ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ድልድዩ ደህና ነው ወይ?

እትዬ ሐሊማ በሄደችበት በኩል ተመለከትኩ፤ የለችም። ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። የሰው ነፍስ ነው ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ድልድዩ ተሰብሯል» አልኩ።

«ታይቷል ወይስ ተሰምቷል?»

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳውም። «ተሰምቷል» ካልኩ ከማን ይለኛል። የሹፌሩን ስም አላውቅም። በዓይኑ ይየው አይየው አልጠየቅሁም። ምድሪቱ እንደገና እያጉረመረመች ነው፤ ሰዎች ዙሪያዬን ከበው ያዩኛል። ጥያቄው እንዲያበቃ ፈለግሁ።

«ታይቷል» አልኩ።

«አላህ ይስጥሽ እትዬ ሐሊማ። መኪናውን ወደ ሰሜን አስመልሳለሁ» አለ። በዚያ ጫጫታ ውስጥ የልጅና የአሮጊት ድምፅ አይለይም። እሷ መሰልኩት። አላረምኩትም።

እትዬ ሐሊማ ቀትር ላይ ተመለሰች። ደብተሩን አነበበች። «ማን አየ?» አለችኝ። ስለ ሹፌሩ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና «ተነሺ» አለች።

ከከተማው እስከ ድልድዩ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በዚያ ፀሐይ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄድን። ልንደርስ ስንል መሬቱ ከሥራችን ተነሳ፤ ከዳገቱ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ወፎች ከደረቁ ወንዝ ውስጥ ተነሥተው ሸሹ። ክንዷን ያዝኩ። እሷም ትንቀጠቀጥ ነበር። እንደምትፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ድልድዩ ቆሟል። ከፊቱ አስፋልቱ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ስንጥቅ አለ፤ መኪኖች በአፈሩ በኩል ዞረው ያልፋሉ። እያየን ሁለት አለፉ። መሐሉ ድረስ ሂጂ አለችኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። እሷ ቀድማኝ ሄደችና ተንበርክካ መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። ተከተልኳትና እኔም ነካሁት። እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«አሁን አይተሻል» አለችኝ።

ስንመለስ ማይኩን ወደ እኔ ዘረጋች። አይሆንልኝም ብዬ አለቀስኩ። ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ራሷ ያዘችው። «ከዚህ ጣቢያ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ታይቷል ተብሎ የተነገረው አልታየም ነበር። ድልድዩ ደህና ነው፤ አሁን ታይቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። የእኔን ስም አልጠራችም። መኪናው ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል፤ ስልክ ስለሌለ ማንም ሊደርስበት አይችልም።

ሁለት ቀን ጠበቅን። እነዚያን ሁለት ቀናት ምድር ትናወጥ አትናወጥ አላስታውስም፤ የምፈራው ሌላ ነበር። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወረድኩም፤ ውኃ ልጠጣ እንኳ አልተነሳሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መምህር ያሲን ቀስ ብሎ ተናገረ። ሴቲቱ መንገድ ላይ ወልዳለች። እሷ ደህና ናት። ልጁ አልቆየም። ታይቷል አለ፤ ያየችው አብራት የነበረች እህቷ ናት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳት እትዬ ሐሊማን።

ከግራሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። «በዚህ በኩል ቢመጡ ኖሮ ይኖር ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። አዎ ብትለኝ እሞታለሁ ብዬ አስቤአለሁ። የለም ብትለኝም እንደማላምናት አውቃለሁ።

«አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «አንቺም አላየሽም። ያላየሽውን ለማንም አትንገሪ፤ ለራስሽም።»

ማጽናናት ይሁን ፍርድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፍርሃት ሲያንቀኝ ግን የምይዘው ያንኑ ነው።

ምድር ከረጋች፣ ስልክም ከተመለሰ በኋላ አራት ሰዓት ላይ መገናኘታቸው ቀጠለ። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። እትዬ ሐሊማ «ታይቷል» ስትል መምህር ያሲን በአክብሮት «እሺ እትዬ፣ በሌላ ሰው አረጋግጠን እንይዘዋለን» ይላል። ያ ቃል ሲመጣ አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ «እሺ» ትላለች። ዕድሜ ልኳን ወሬዋ ያለ ጥያቄ የተወሰደላት ሴት፣ ራሷ ባስተማረችው ሰው አፍ እንዲህ ተባለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ለምን አልነገርሽብኝም ብዬ አንዴ ጠይቄያታለሁ።

«ያንቺ ወሬ ነው» አለችኝ። «የሰው ወሬ ቀምቼ አልናገርም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ማይክ አልነካሁም። አክስቴን በሱቅ ላግዝ ሰመራ ከመጣሁ ወዲህም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ክበቡ እየሄድኩ መዝገቡን እጽፋለሁ። መምህር ያሲን «ዝምተኛዋ ጸሐፊያችን» ይለኛል፤ የማንን ጥፋት ተሸክሜ እንደምጽፍለት ሳያውቅ። በየሳምንቱ ከአዋሽ የእሷ ድምፅ ይመጣል፤ በየሳምንቱ «አረጋግጠን እንይዘዋለን» ይባላል። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ትንፋሽ እያጠራት በሁለት ቃል መካከል ስታርፍ ሰምቼ «ድካም አለ» ብዬ መዝግቤአለሁ። ያኔ እሷ እየሰማች እውነቱን መናገር እችል ነበር። ፈራሁ።

ሞቷን በሰማሁበት ቀን ከእናቴ ጋር ካወራሁ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወደ ክበቡ ሄድኩ። ስደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። መምህር ያሲን «አዋሽ፣ አዋሽ» እያለ ይጣራል። መልስ የለም። «ዛሬስ ዘገየች» አለኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ማይኩን እንደምፈልግ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ወንበሩን ወደ ጎን ገፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱ አጠረ፤ ሳበልኝ። ቁልፉን ተጫንኩ።

«ወሬ አለኝ» አልኩ። «የአዋሿ እትዬ ሐሊማ ዛሬ ንጋት ላይ አርፋለች።»

ከዚያ ከገዋኔ አንድ ድምፅ ጠየቀ። «ታይቷል ወይስ ተሰምቷል?»

«ተሰምቷል» አልኩ። ከማን አለ። ከእናቴ አልኩ። እናትሽ አይታለች? አይታለች፤ በእጇ አጥባታለች። መቼ ነገረችሽ? ዛሬ ጠዋት፣ ሱቅ ስከፍት። አንዱንም ጥያቄ ሳልሸሽ መለስኩ። መምህር ያሲን ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«ሁለተኛ ወሬ አለኝ» አልኩ። ወደ እሱ አላየሁም። «ምድር የተናወጠች ጊዜ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ታይቷል ያለችው እትዬ ሐሊማ አይደለችም። እሷ በዕድሜዋ ያላየችውን አየሁ ብላ አታውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰዓዳ። ይሄኛው ታይቷል።»

ከዚያ ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።